ባልካን ሶብራኒ የፒፓ ትምባሆ፦ ስለ ጣዕሙና ስለ አጫጨሱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባልካን ሶብራኒ ይሸጥበት የነበረው ነጩ ጣሳ ከገበያ ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም ጥያቄው አልቆመም፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ባልካን ሶብራኒ ምን ዓይነት ትምባሆ ነበር?

በ1879 በለንደን የተመሠረተው የሶብራኒ ትምባሆ ቤት ያመርተው የነበረ የፒፓ ትምባሆ ቅይጥ ነው። ቤቱ በቅንጡ ሲጋራዎቹም የታወቀ ቢሆንም፣ በፒፓ አጫሾች ዘንድ ስሙን ያስጠራው «ኦሪጅናል» ተብሎ በነጭ ጣሳ የሚሸጠው ይህ ቅይጥ ነበር። ሶብራኒ የሚለው ቃል ከስላቭ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ጉባኤ ወይም ሸንጎ ማለት ነው፤ የቡልጋሪያ ፓርላማም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

ዛሬ ላታኪያ የሚባለው በጭስ የታጠነ ትምባሆና የምሥራቅ ቅጠል በብዛት የገቡባቸው ቅይጦች በጥቅሉ «ባልካን» ሲባሉ የምንሰማው ስሙ ከዚህ ጣሳ ስለ ወጣ ነው። አንድ ምርት የአንድ ወገን መጠሪያ እስከ መሆን መድረሱ ለምን ይህን ያህል እንደሚወራለት በከፊል ያስረዳል።

ውስጡ ምን ምን ቅጠል ነበረበት?

ሦስት ዓይነት፦ ላታኪያ፣ ቨርጂኒያና የምሥራቅ ቅጠል። የምሥራቅ ቅጠል የሚባለው በድሮው የኦቶማን ግዛት አካባቢዎች የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ትንንሽ፣ በፀሐይ የሚደርቅና መዓዛው የበረታ ትምባሆ ነው። ሶብራኒ በተለይ የሚኮራበት የኒጄ የተባለውን ነበር፤ ይህም ዛሬ በሰሜን ግሪክ በትሬስ ውስጥ በምትገኘው በክሳንቲ ከተማ አጠገብ ካለች ትንሽ ስፍራ ስሙን ያገኘ ቅጠል ነው።

ቨርጂኒያው በሙቅ አየር ቤት ውስጥ ስለሚደርቅ ስኳሩ ሳይጠፋ ይቀራል፤ በቅይጡ ውስጥ ያለው ጣፋጭነት በአብዛኛው የእሱ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በመቶኛ ይህን ያህል ነበር እየተባለ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቀመር ሁሉ ግን ቀማሾች በአፋቸውና በዓይናቸው ገምተው ያወጡት ስለ ሆነ እንደ ፋብሪካ ሰነድ ሊወሰድ አይገባም።

ላታኪያ ምንድን ነው? ያ የጭስ ሽታ ተጨምሮበት ነው?

አይደለም፤ ላታኪያ ላይ ሽቶ አይረጭም። ላታኪያ ራሱን የቻለ የትምባሆ ዝርያ ሳይሆን የአዘገጃጀት ስም ነው። ቅጠሉ በመጀመሪያ በፀሐይ ይደርቃል፤ ቀጥሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከጣሪያው ሥር ይሰቀልና፣ ነበልባል ሳያወጣ እየጨሰ እንዲነድ በታፈነ እሳት ላይ በእንጨትና በመዓዛማ ቁጥቋጦ ጭስ ለሳምንታት ይታጠናል። ቡናማው ቅጠል ጠቁሮ የሚወጣው፣ በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚገኙት ፌኖል የሚባሉ ውህዶችም ሥጋው ውስጥ የሚዘልቁት በዚህ ጊዜ ነው። በጥድ ጭስ የሚደርቀውን የቻይና ሻይ ወይም በጭስ የደረቀ ዓሣ ያሸተተ ሰው ላታኪያን መጀመሪያ ሲያገኘው እንግዳ የማይሆንበትም ለዚህ ነው፤ ሽታውን የሚሰጡት ውህዶች አንድ ወገን ናቸውና።

ስሙ የመጣው ከሶርያ የወደብ ከተማ ነው። የሶርያው ላታኪያ ሼክ ኤል ቢንት ከተባለ ቅጠል ይሠራ ነበር፤ የቆጵሮሱ ደግሞ ከስምርና፣ ማለትም ከኢዝሚር ዘር ተዘርቶ ከሚገኝ ቅጠል ይሠራል፤ የሚታጠነውም በማስቲክ ቁጥቋጦ፣ በአደስ፣ በጥድና በመሳሰሉት ነው። ልዩነቱ በቀማሽ አፍ ላይ ግልጽ ነው፤ የሶርያው ሳሳ ያለ፣ ወይን ጠጅ የሚያስታውስ፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ ሲሆን፣ የቆጵሮሱ ወፈር ያለ፣ ለስላሳና ቆዳ ቆዳ የሚል ነው። ለማገዶ የሚቆረጠው ደን በመመናመኑ የሶርያው ምርት እየተዳከመ ሄዶ ከገበያ ሲወጣ፣ የዓለምን ፍላጎት የመሸፈኑ ሥራ በቆጵሮስ ላይ ወደቀ። ይህን ነጥብ ልብ ይሏል፤ ከታች ባሉት ጥያቄዎች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ጣሳው ሲከፈት ሽታው ምን ይመስል ነበር?

ቀድሞ የሚወጣው ላታኪያው ነው፤ ከትናንት እሳት የቀረ አመድ፣ ያረጀ የቆዳ ኮርቻ፣ ጥቂትም የቤተ ክርስቲያን እጣን። አፍንጫን ከጣሳው ሳይነቅሉ ትንሽ ከቆዩ ከጭሱ ጀርባ ኮምጠጥ የሚል፣ የበሰለ ፍሬ ወይም የቆየ ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ይሰማል፤ እሱ የምሥራቁ ቅጠል ነው። ቨርጂኒያው በአፍንጫ ብዙም አይለይም፤ ድርሻው የሚታወቀው ሲጨስ ነው።

ብዙ ሰው ከጣሳው ያገኘውን ሽታ በአፉ ይጠብቃል፣ ሳያገኘው ሲቀርም ይከፋዋል። ያልነደደ ቅጠል የሚያሸተውና የነደደው የሚቀምሰው አንድ አይደለም፤ በተለይ ላታኪያ በጣሳ ውስጥ ከሚያስፈራራው በላይ በፒፓ ውስጥ ገር ነው።

ሲጨስስ ጣዕሙ እንዴት ነበር?

የባልካን ሶብራኒ ዝና በአንድ ጣዕም ሳይሆን በጣዕሞቹ አካሄድ ላይ የቆመ ነው። ፒፓው እንደ ተለኮሰ ላታኪያው አፍን ይሞላና ሌላ ነገር የሌለ ያስመስላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ የላይኛው ቅጠል አመድ ሆኖ ፍሙ ሲረጋ፣ ጭሱ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ቨርጂኒያው በምላስ ጫፍ ላይ እንደ ተጠበሰ እህል ያለ ቀለል ያለ ጣፋጭነት ይዞ ይመጣል። የፒፓው መሐል ላይ ሲደረስ ደግሞ የምሥራቁ ቅጠል ተራውን ይወስዳል፤ ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው፣ አልፎ አልፎም አበባ አበባ እያለ ከላታኪያው ጋር ሲቀባበል ይሰማል። ወደ ታች ሲወርድ ሁሉም ተዋህደው እንደ ጥቁር ቡና የከበደ ጣዕም ይሰጣሉ።

የምሥራቁን ቅጠል በትክክል ለማግኘት የቆዩ አጫሾች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ፤ አፍ ውስጥ ካለው ጭስ ጥቂቱን ብቻ፣ ወደ ሳንባ ሳያስገቡ፣ በአፍንጫ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ምላስ የሚለየው ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ ጨዋማውንና መራራውን ሲሆን፣ የተቀረውን በአብዛኛው የሚለየው አፍንጫ ነው። «ጭስ ጭስ ከማለት በቀር ምንም አልቀመስኩም» የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው ይህን ያልሞከሩ ወይም በጣም ፈጥነው የሚስቡ ናቸው።

በእኔ ግምት የድሮውን ቅይጥ ከሌሎች የለየው የላታኪያው ብዛት አልነበረም። ላታኪያ ከእሱ የበዛባቸው ቅይጦች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። የለየው ከላታኪያው ሥር ሳይደፈጠጥ የሚሰማው የምሥራቅ ቅጠል ነበር፤ አስመሳዮቹ ሁሉ የሚወድቁትም እዚያው ላይ ነው።

ጠንካራ ነበር? ምላስስ ይለበልብ ነበር?

ጣዕሙ ከባድ፣ ጉልበቱ ግን መካከለኛ ነበር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ላታኪያም የምሥራቅ ቅጠልም ኒኮቲናቸው አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ጥቁር መልኩንና ከባድ ሽታውን አይቶ የፈራ ሰው ከጠበቀው ያነሰ ኒኮቲን ያገኛል።

ምላስን በመለብለብ የሚታማው ስኳር የበዛበት ቨርጂኒያ ነው፤ ላታኪያ ግን ስኳሩ ትንሽ በመሆኑ ዝግ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይነዳል። ይህም ሆኖ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ደጋግሞ የለኮሰ፣ ጭስ በብዛት ለማውጣት እየተቻኮለ የሳበ ሰው ምላሱን ማቃጠሉ አይቀርም፤ ከሙቀቱ በላይ የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው።

ቤት ውስጥ የሚቀረው ሽታስ?

ይከብዳል፣ ይቆያልም። አጫሹ «እጣን» የሚለውን አብሮት የሚኖረው ሰው «የተቃጠለ ጎማ» ሊለው ይችላል፤ መጋረጃና ሱፍ ልብስ ላይ ለቀናት ይሰነብታል። ቫኒላና ፍራፍሬ የተጨመረባቸውን ትምባሆዎች ሽታ የለመደ ቤት ይህን አይወደውም።

የፒፓ ጭስ ወደ ሳንባ ስለማይገባ ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ፒፓ ማጨስ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያስከትላል፤ በአጠገብ ያሉትም ጭሱን ይተነፍሳሉ። የፒፓ ጭስ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ ወደ ሆነው ጠባይ) የሚያዘነብል ስለ ሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ሱስም ያስይዛል። ተፈጥሯዊ ቅጠል መሆኑ ወይም ሽቶ ያልተጨመረበት መሆኑ ይህን አይለውጠውም፤ ከዚህ ቀደም አጭሶ የማያውቅ ሰው ለዝናው ብሎ የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ለምን ከገበያ ወጣ?

የሶብራኒ ቤት ወደ ጋላኸር ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር፤ ጋላኸርን ደግሞ በ2007 የጃፓኑ የትምባሆ ድርጅት ገዛው። የፒፓ አጫሽ ቁጥር በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ሲመናመን፣ ሲጋራ በገፍ ለሚያመርቱ ትልልቅ ድርጅቶች አንድ የፒፓ ቅይጥ ከሒሳብ መዝገብ ጥግ ያለች መስመር ናት፤ ለእሷ ሲባል ውድና በቀላሉ የማይገኝ ቅጠል መፈለግ የሚያዋጣ ሥራ አልሆነም። ነጩ ጣሳ በዚህ ሁኔታ ከመደርደሪያ ጠፋ።

የድሮ ደንበኞች ከመጥፋቱ በፊትም ጣዕሙ መለወጡን ይናገሩ ነበር። ይህ ምሬት ብቻ አይመስለኝም፤ ላታኪያው ከየት እንደሚመጣ በተለወጠበት፣ የድሮው የምሥራቅ ቅጠል በስም እየተለየ መሸጡ በቀረበት ዘመን፣ ቅይጡ ባለበት ቢቆይ ነበር የሚገርመው።

በ2011 የተመለሰው ያው ነው?

በ2011 ቅይጡን በድጋሚ ያወጣው በጀርሲ ደሴት የሚገኘውና ከ1820 ጀምሮ የቆየው ጀርሜይን የተባለው አነስተኛ የትምባሆ ፋብሪካ ነው። ስሙም ጣሳውም የድሮውን ያስታውሳሉ፤ የተሠራውም በባለሙያ እጅ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ሌላ፣ ቅጠሉ የሌላ ዘመን ምርት፣ ላታኪያውም የቆጵሮስ ነው። ስለዚህ «ያው ነው» ማለት ይከብዳል።

«የድሮውን አይመስልም» የሚለው ፍርድ ግን በችኮላ የሚሰጥ ነው። አዲሱን ጣሳ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከፍቶ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት በጣሳ ውስጥ ከቆየ ከድሮው ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሁለት ትምባሆ ሳይሆን ሁለት ዕድሜ እያነጻጸረ ነው። ፍትሐዊው መንገድ አዲሱን ሳይከፍቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት አስቀምጦ ያን ጊዜ መቅመስ ነው። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ሹል ሹሉ ረግቶ፣ ቅጠሎቹ ተዋህደው ማግኘታቸውን ይመሰክራሉ፤ የምሥራቁ ቅጠል ስስነት ግን በዕድሜ የሚሞላ ጉድለት አይደለም።

ያረጀ የታሸገ ጣሳ ባገኝ ይጨሳል?

እሽጉ አየር ካላስገባ ይጨሳል። ቨርጂኒያው በጣሳው ውስጥ ቀስ እያለ መብላላቱን ስለሚቀጥል ጣፋጭነቱ ይጠልቃል። ላታኪያው ግን በተቃራኒው ነው፤ የጭስ ውህዶቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ የአርባ ዓመት ጣሳ የሚሰጠው በአዲስነቱ ይሰጠው የነበረውን አይደለም፤ ላታኪያው ወደ ኋላ የሄደ፣ ሌላው ወደ ፊት የመጣ፣ ለስለስ ያለ ሌላ ነገር ነው። ለላታኪያ ቅይጥ የተሻለው ዕድሜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ከመክፈት በፊት ጣሳውን በጆሮ አጠገብ ያወዛውዙት። ቅጠሉ እንደ ደረቅ ሣር ከተንኮሻኮሸ አየር ገብቶበታል። ከታችና ከስፌቱ ላይ ዝገት ይፈልጉ፤ ከውጭ ትንሽ የሚመስል ዝገት ከውስጥ በልቶ የጨረሰ ሊሆን ይችላል። ከተከፈተ በኋላ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ በብርሃን ይመርመሩት፤ የሚያብረቀርቅና ጠጣር ብናኝ ከሆነ ከቅጠሉ የወጣ ክሪስታል ነው፣ ችግር የለውም። ጥጥ የሚመስል፣ ቅጠል ከቅጠል የሚያያይዝና እርጥብ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ይጣል።

በጣም ደርቆ ባገኘውስ?

ይመለሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ የከፈትሁት ነጭ ጣሳ ክዳኑ ሲለቀቅ ምንም የአየር ድምፅ አላሰማም፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ወረቀቱ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ቅጠሉ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ የጭሱ ሽታ ደግሞ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ያህል ሩቅ ነበር። ቅጠሉን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ በትኜ፣ በተጣራ ውኃ ነክሬ አጥብቄ የጨመቅሁትን ጨርቅ ቅጠሉን ሳይነካ ሳህኑ አፍ ላይ ወጥሬ፣ በየጥቂት ሰዓቱ እያገላበጥሁ ለሁለት ቀን አቆየሁት። በመጨረሻ ሲጨመቅ ተሰብስቦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚዘረጋ ቅጠል ሆነ። ቨርጂኒያው ደህና ነበር፤ ላታኪያው ግን የተወውን መዓዛ ውኃ አልመለሰለትም።

ውኃ በቀጥታ መርጨት፣ የፖም ወይም የድንች ልጣጭ መክተት የሚመክሩ አሉ። የመጀመሪያው እርጥበቱን እኩል አያደርሰውም፣ ሁለተኛው ሻጋታ ይጋብዛል።

እንዴት ይሞላል፣ እንዴትስ ይለኮሳል?

ቅጠሉ በቀጭን የተከተፈ ስለ ነበር ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። ከጣሳ እንደ ወጣ እርጥብ ከሆነ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ወረቀት ላይ ዘርግቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በስበት ብቻ እንዲወርድ እየበተኑ ይሞላል፤ ሁለተኛው ረድፍ ጥቂት፣ ሦስተኛው ትንሽ ጠንከር ተደርጎ ይጫናል። ሳይለኮስ ሲሳብ በቀጭን ቱቦ ውኃ የመጠጣት ያህል ከተሰማ ልክ ነው። የመጀመሪያው ክብሪት ቅጠሉን ያነሣዋል፤ በመጠቅጠቂያ ቀስ ተደርጎ ከተደላደለ በኋላ በሁለተኛው ክብሪት በትክክል ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ሊጠፋ እስኪቃረብ ዝግ ብሎ መሳብ ነው።

ከላታኪያ በኋላ ፒፓዬ ሌላ ትምባሆ አልቀበል አለ፤ ምን ላድርግ?

የእንጨት ፒፓ፣ ብራየር የሚባለው፣ የላታኪያን ዘይት በውስጡ ስለሚያስቀር የሚቀጥሉትን ብዙ ትምባሆዎች ጭስ ጭስ ያሰኛል። በአልኮል የራሰ መጥረጊያ ቱቦውን ያጸዳል፣ የፒፓውን ጎድጓዳ ራስ ግን ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። የሚሻለው አንድ ፒፓ ለላታኪያ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። በሜርሻውም ድንጋይ የተሠራ ፒፓ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም።

ዛሬ ካሉት የትኛው ይቀርበዋል?

ለዚሁ ጣዕም ተብለው የተሠሩ አሉ። ኸርዝ ኤንድ ሆም ያወጣው ብላክ ሃውስ የድሮውን ባልካን ሶብራኒ ለመምሰል በታሰበ ውድድር ላይ ቀርቦ ያሸነፈ ቅይጥ ነው፤ የላታኪያውን አቀማመጥ በደንብ ይዟል። የማክሌላንዱ ብሉ ማውንቴንም በዚሁ መንገድ ተሠርቶ ነበር፤ በካንሳስ ሲቲ የነበረው ፋብሪካ በ2018 ሲዘጋ እሱም ተከተለ፣ ስለዚህ የጠፋውን ለመተካት የመጣው ራሱ ከሚፈለጉት ተርታ ገባ። የደንሂል ስም ይዘው ይሸጡ የነበሩት የላታኪያ ቅይጦች በ2018 ቆመው በ2019 አብዛኞቹ በፒተርሰን ስም ተመልሰዋል፤ እነሱ ግን የባልካን ሶብራኒ ቅጂ ሆነው አያውቁም፣ የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

ድሮ በእርግጥ የተሻለ ነበር ወይስ ትዝታ ነው?

ሁለቱም አለበት፤ ግን ሊለያዩ የማይችሉ አይደሉም። ወጣት ሳለ የቀመሰውን የሚያስታውስ ሰው በዚያ ዘመን ያልተበላሸ ምላስና አፍንጫ ነበረው፤ ለረጅም ጊዜ ማጨስ ሁለቱንም ያደነዝዛልና ዛሬ ያው ጣሳ በቀድሞ ሁኔታው ቢቀርብለት እንኳ ያኔ የቀመሰውን ላያገኝ ይችላል። ይህ የትዝታው ወገን ነው።

የቅጠሉ ወገን ደግሞ በቅምሻ ሊፈተን ይችላል። ለዚህ የሚበጀው ስያሜ የሌላቸው ሦስት ማሰሮዎች ማዘጋጀት ነው፤ በአንዱ የድሮው፣ በሁለተኛው የ2011ዱ፣ በሦስተኛው ከአስመሳዮቹ አንዱ ይገባል፣ እርጥበታቸውም እኩል እንዲሆን ለጥቂት ቀናት ይጠበቃል። ሌላ ሰው ፒፓውን እንዲሞላ ተደርጎ በተለያየ ቀን አንድ አንድ ይቀመሳሉ። ላታኪያው ላይ አያተኩሩ፤ እሱ ሦስቱንም ያመሳስላቸዋል። ፒፓው መሐሉ ላይ ሲደርስ ጥቂት ጭስ በአፍንጫ ያውጡና ያ ኮምጠጥ ያለው፣ አበባ አበባ የሚለው ነገር የሚመጣው ከየትኛው ማሰሮ እንደ ሆነ ይጻፉ።